ማግኒዥየሙን አንጽፈውም

እሑድ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ስልኬ ሲጠራ አንሶላ እየተኮስኩ ነበር። ጓደኛዬ በማግሥቱ ጠዋት የመውጫ ፈተናውን ለሁለተኛ ጊዜ ልትፈተን ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ትመጣለች፤ እኔ ዘንድ ታድርና በእግራችን ወደ ዩኒቨርሲቲው እንሄዳለን። ለእሷ ብዬ ከአከራዬ ፍራሽ ተውሼ መሬት ላይ ዘርግቻለሁ። አንሶላው በክረምቱ አልደርቅ ስላለኝ በካውያ ነበር የማደርቀው።

"ዛሬ አልመጣም" አለችኝ።

መንገድ የተዘጋ መሰለኝ። በዚያ ሰሞን መንገድ ይዘጋል፣ ደግሞ ይከፈታል፤ ሰው ጠዋት ተነሥቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

"መኪና የለም እንዴ?"

"መኪናስ አለ። አባዬ ሞተ። ሊነጋጋ ሲል። አሁን ሊያጥቡት ነው።"

ድምፅዋ ደረቅ ነበር፤ ሱቃቸው ውስጥ ቆማ የሳሙና ዋጋ ለደንበኛ የምትነግር ይመስል ነበር። እኔ ፊት ለፊትም ቢሆን ቃል የሚፈጥንልኝ ሰው አይደለሁም። "መጣሁ" ብቻ አልኩና ስልኩ ተዘጋ። ካውያውን ነቅዬ፣ ፍራሹን እንደተዘረጋ ትቼ ወደ መናኸሪያ ወጣሁ።

ሚኒባሱ እስኪሞላ ብዙ ተቀመጥን። ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ያለውን መንገድ በደንብ አውቀዋለሁ። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የምሄድበት ነው፤ ግራና ቀኙ ለከሰል የሚተከለው የደከረንስ ዛፍ ነው፣ በየዳሩ የከሰል ጆንያ ተደርድሮ ገዢ ይጠብቃል፣ አዲስ ቅዳም ሲደረስ ግማሹ ሰው ይወርዳል። ሁልጊዜ የምሄደው ኬሚስትሪ ላስጠናት ነበር። ያን ቀን ለለቅሶ ስሄድም ከልማድ የተነሣ ደብተሬን ይዤው ወጥቼ ኖሯል። ያወቅሁት አዲስ ቅዳም ላይ ቦርሳዬን ስከፍት ነው።

ከጓደኛዬ ጋር የተገናኘነው በመኝታ ክፍል ድልድል ነው። እኔ ከእንጅባራ ዙሪያ ገጠር የመጣሁ ነኝ፤ በቤታችን የሚነገረው አገውኛ ነው፣ አማርኛ የትምህርት ቤት ቋንቋዬ ነው። እሷ የዳንግላ ነጋዴ ልጅ ናት። እኔ ዝም እላለሁ፣ እሷ ታወራለች፤ በዚህ ተስማምተን አራት ዓመት አብረን ኖርን። የመውጫ ፈተናውን ስንፈተን እኔ አለፍኩና እዚያው የላብራቶሪ ረዳት ሆንኩ። እሷ ለጥቂት ወደቀች። ፈተናውን ያላለፈ ዲግሪ አይሰጠውም።

አባቷ በመናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ነበራቸው፤ ሳሙና፣ ስኳር፣ ክር፣ የጎማ ጫማ የሚሸጡበት። የንግድ ፈቃዳቸው በመስታወት ተደርጎ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ የገባች ዕለት ከፈቃዱ ጎን ሚስማር መቱ። "ዲግሪሽ እዚህ ነው የሚሰቀል፤ ፈቃድ ከፈቃድ ጎን" አሏት። ስትወድቅ ሚስማሩን አልነቀሉትም። ጃንጥላቸውን ሰቀሉበት።

"እስክታመጪው ሥራ ፈት አይሁን" አሉ።

የምናጠናው ከሱቁ ጀርባ፣ ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ፣ የስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጠን ነው። ከሱቁ የሚለየን መጋረጃ ብቻ ነበር። እሷን የጣላት የማግኒዥየሙ ምዕራፍ ነው፤ ይህንና ይህን ብናገናኝ የሚወጣው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ። ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው። ካርቦን ከብሮሚን ጋር ተጣብቆ ሲኖር አርፎ የተቀመጠ ነው። ማግኒዥየም በመካከላቸው ሲገባ ግን ካርቦኑ ኤሌክትሮን ይበዛለትና ሌላ ካርቦን ፍለጋ ይነሣል። ከኦክስጅን ጋር በድርብ የታሰረ ካርቦን ሲያገኝ ይጣበቀዋል። በመጨረሻ አሲድ ያለበት ውሃ ሲጨመር አልኮል ይወጣል። አዲስ የካርቦን ሰንሰለት የሚቀጠለው እንዲህ ነው።

ችግሩ ውሃ ነው። በመጨረሻ የሚፈለገው ውሃ ቀድሞ ከገባ ሁሉንም ያበላሻል። ሙሉ ውሃ መሆኑም ግድ አይደለም፤ በሞለኪዩሉ አንድ ዳር ላይ የተንጠለጠለች ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ትበቃለች። ያ ለትልቅ ነገር የተነሣ ካርቦን መጀመሪያ ያገኛትን ያችን ሃይድሮጅን ይወስድና ዝም ይላል። ጓደኛዬ ችኩል ናት። ዓይኗ የሚሄደው መሀል ላይ ወዳለው ወደ ትልቁ ነገር ነው፤ ዳር ያለችውን አታያትም። እኔ ደግሞ ዳር ዳሩን የማይ ሰው ነኝ።

አንድ ቀን ለአምስተኛ ወይም ለስድስተኛ ጊዜ ስትሳሳት፣ በምን አማርኛ እንደማስረዳት ጠፍቶኝ "ውሃ በላው" አልኳት።

እርሳሷን ጣል አድርጋ ሳቀች። "ይኸው! አስተማሪው ይህን ሁሉ ወር በእንግሊዝኛ የደከመበት ይችን ነው?"

ከዚያ በኋላ ጥያቄ በሰጠኋት ቁጥር ጣቷን እየቀሰረች "መጀመሪያ ውሃ ፍለጋ" ትል ጀመር። ካገኘች ደግሞ "ውሃ በላው" ትልና ወደሚቀጥለው ታልፋለች።

እውነቱን ለመናገር ሁለታችንም ነገሩ ሲሆን አይተን አናውቅም። እንጅባራ ላይ አየሩ ራሱ ውሃ ነው፤ ጨው በዕቃው ውስጥ ይቀልጣል፣ ጫማ አልጋ ሥር ይሻግታል። አንድ ጊዜ አስተማሪያችን ማግኒዥየሙን ኤተር ውስጥ ከትቶ ሊያሳየን ሞክሮ ነበር። ጠርሙሱን ከበን ቆምን። ምንም አልተነሣም። "ከሰማይ ጋር አንታገልም፣ ደብተራችሁን አውጡ" አለን። ስለዚህ እኛ የምናውቀው ውጤቱን መገመት ነው። አሁን የምሠራበት ላብራቶሪ መደርደሪያ ላይ ያ የማግኒዥየም ዕቃ አለ፤ አቧራውን እጠርጋለሁ እንጂ አልከፍተውም።

አባቷ ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው ይሰሙን ነበር። ኩላሊታቸውን ያማቸው ስለነበር ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ነው የሚሸጡት። አንድ ቅዳሜ ደንበኛ ሲቀልላቸው መጋረጃውን ገለጥ አደረጉ።

"ቆይ፣ ይች ማግኒዥየም የምትሏት ደላላ ናት?"

"አይ አባባ፣ ብረት ነገር ናት" አልኩ።

"በሁለቱ መካከል ገብታ አፋታች። ሌላ ቤት ወስዳ ዳረች። ደላላ ካልሆነች ምንድን ናት?"

"አባዬ፣ እሷን ተዋትና ሻዩን አስመጣልን" አለች ጓደኛዬ።

"ይመጣል። ኋላስ? ሠርጉ ካለቀ በኋላ የት ገባች?"

ጓደኛዬ ወደ እኔ ዞረች። "በመጨረሻ ውሃው ይወስዳታል። ጨው ሆና ትቀራለች። መልሱ ላይ አንጽፋትም" አልኩ።

"አትጽፏትም?"

"ነጥብ የላትም አባባ።"

"ሥራውን ሁሉ ሠርታ?" አሉ። ደንበኛ መጣ፤ መጋረጃውን ለቀቁት። ከወዲያ ሆነው ለሰውየው "የዛሬ ልጆች ደላላ አይከፍሉም" ሲሉ ሰማናቸው።

ከዚያ ወዲያ ቀልዳቸው እሱ ሆነ። ሻይ መጥቶ ለእሳቸው መቅዳት ከረሳን "እኔ ማግኒዥየም ነኝ፣ ነጥብ የለኝም" ይላሉ። ሕመሙ ሲብስባቸውና ለሕክምና ወደ ባሕር ዳር መመላለስ ሲጀምሩም፣ ደክመው ሲመለሱ ይኼን አይተዉም ነበር። እኛ እንስቅ ነበር።

ዳንግላ ስደርስ ወንዶቹ ቀብር ሄደው አልተመለሱም። በሱቁ ፊት ሸራ ተወጥሯል። ሁለቱ የብረት በሮች ተዘግተዋል፤ በቀን ተዘግተው ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። ሴቶቹ ከውስጥ ነበሩ። እናቷን ተንበርክኬ ሳምኳቸው፤ "አላህ ያጽናዎት" ለማለት መንገዱን ሙሉ ስለማመድ ቆይቼ አፌ ላይ ተሰባበረብኝ። እሳቸው ራሳቸው ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ አጽናኑኝ።

ጓደኛዬ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። ዓይኗ ደረቅ ነው። ከወዲህ አንዲት ሴት ለጎረቤቷ፣ ለመሰማት ያህል ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "እንባዋን ምን ያዘው? እንዲያ ሲወዳት የኖረ" ትላለች። ሌላዋ "ተያት፣ ሰብር ሰጥቷት ነው" አለች፤ ትዕግሥት ማለቷ ነው።

አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ፍራሹን ተዋስሽ?" አለችኝ።

"አዎ።"

"በይ መልሺላቸው።"

ወንዶቹ ከቀብር ተመልሰው ሸራው ሥር ሲቀመጡ እናቷ ወደ ጓዳ ጠሩኝ። ጫፉን ነክሰው የያዙትን ሻሻቸውን ለቀቁና ቀስ ብለው ተናገሩ።

"ትናንት አባቷ ስንት ጊዜ ጠየቀኝ። 'ሰኞ ነው አይደል? ሰኞ ነው አይደል?' ለሚኒባሱ ረዳት ሳይቀር 'እሑድ ልጄን ከፊት አስቀምጥልኝ' ብሎ አደራ ብሏል።" ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። "አጎቷ አትሄድም ብሏል። ለቅሶ ላይ ነች፣ ሰው ምን ይላል ብሎ። ከሰደቃው በኋላ ጫግኒ ወስጄ እህል መጋዘኔ ላይ ሥራ አስይዛታለሁ ይላል። ክፋት የለውም፣ ለእኛው ብሎ ነው። እኔ ዛሬ ከእሱ ጋር ለመከራከር አቅም የለኝም። አንቺ ንገሪው።"

"እኔ?"

"የተማርሽ አይደለሽ?"

ወደ ጓደኛዬ ተመለስኩና ትፈልግ እንደሆነ ጠየቅኋት። "ሂጂ ካሉኝ እሄዳለሁ፣ ተቀመጪ ካሉኝ እቀመጣለሁ። አሁን ለማን ብዬ ነው?" አለችኝ። ነገ ካለፋት የሚቀጥለው ፈተና መቼ እንደሚሆን፣ በዚያ ጊዜ መንገዱስ ክፍት ይሁን አይሁን የሚያውቅ አልነበረም። ጫግኒ ከወረደች ደግሞ ደብተር እንደማትገልጥ ሁለታችንም እናውቃለን።

በሽማግሌዎች ፊት መናገር ለእኔ ከባድ ነው። በአገውኛ ቢሆን እንኳ ይከብደኛል፤ በአማርኛ ሲሆን ደግሞ አክብሮቱ ይሰበርብኛል፣ "እርስዎ" ብዬ ጀምሬ "አንተ" ብዬ እጨርሳለሁ ብዬ እፈራለሁ። ዓረፍተ ነገሬን ጓዳ ውስጥ አዘጋጀሁት፤ ፈተናው ግማሽ ቀን ብቻ እንደሚወስድ፣ ለሰደቃው እንደምትደርስ፣ ዲግሪ ለጫግኒውም ሥራ እንደሚጠቅም። ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ወንዶቹ ለሶላት ሳይነሡ ወጣሁ። አጎቷ ወፍራም፣ ድምፃቸው ትልቅ ሰው ናቸው፤ በዚያ ቀን ግን ዓይናቸው ቀልቶ ነበር።

"ጋሼ…" አልኩ።

"ጮክ በይ ልጄ፤ ጆሮዬን ወፍጮ በልቶታል።"

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ያዘጋጀሁት በሙሉ ጠፋ።

"ሚስማሩ" አልኩ።

"ምን?"

"ሚስማሩ አለ። ፈቃዱ አጠገብ። አባባ የመቱት።"

አጎቷ የተዘጋውን የሱቅ በር አዩት፤ በብረቱ ውስጥ አልፎ የሚታያቸው ይመስል ቆዩበት። ከአጠገባቸው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ የሱቁ ጎረቤት ናቸው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው "መዶሻውን ያዋስኩት እኔ ነኝ" አሉ። "'ጠበቅ አድርገው፣ ቀላል ነገር አይደለም የሚሰቀልበት' ብዬው ነበር። ሦስት ጊዜ አጣሞት ነው የገባለት።"

ከወንዶቹ አንድ ሁለቱ ፈገግ አሉ። አጎቷ በመዳፋቸው ፊታቸውን ጠረጉ።

"ስንት ሰዓት ነው ፈተናው?"

"ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል።"

"በምን ትሄዳላችሁ?"

"በመጀመሪያው ሚኒባስ።"

"በሉ ሂዱ። የጠየቀ ካለ እኔ ነኝ የላክኋት እላለሁ።" ከዚያ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው "እንቅልፍ ትተኛ" አሉ።

እኔ ሳልሰናበት፣ ማመስገን ይሁን እጅ መንሳት ምን እንደሚገባ ሳላውቅ፣ ወደ ሴቶቹ ተመለስኩ።

በማግሥቱ ጠዋት መናኸሪያው ገና ጭጋግ ነበር። ረዳቱ ጓደኛዬን ሲያይ ጩኸቱን አቆመና የፊተኛውን በር ራሱ ከፈተላት። "ትናንት ቦታሽን ይዤልሽ ነበር። እኔ አላወቅሁም፤ አዲስ ቅዳም ድረስ ባዶውን ሄደ" አላት። እሷ "ጀዛከላህ" ብላ አመስግና ገባች። እኔ ከጎኗ ተቀመጥኩ። እንጅባራ ወረድን። ባጃጅ ይዘን ዩኒቨርሲቲው በር ስንደርስ ስልኳን ሰጠችኝ፤ ይዞ መግባት አይፈቀድም።

"መጀመሪያ ውሃ ፍለጋ" አልኳት።

"እሺ" ብላ ገባች።

ካፊያ ነበር። ከአንድ ባሕር ዛፍ ሥር ቆሜ ጠበቅሁ። ትንሽ ቆይቶ ስልኳ በእጄ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። መስታወቱ ላይ "አባዬ" ይላል። ካነሣሁት በኋላ ነው የገባኝ፤ እናቷ ናቸው በአባቷ ስልክ የደወሉት። "ገባች?" አሉኝ። "ገብታለች" አልኳቸው። "አልሐምዱሊላህ" ብለው ዘጉ። ስሙን ከመስታወቱ ላይ አጠፋሁት፣ እንዳታየው።

ከብዙ ሰው በኋላ ወጣች። ዓይኗና አፍንጫዋ ቀልቷል፤ የሻሿ ጫፍ እርጥብ ነው። ደረጃው ላይ ስትደርስ ተቀመጠች። እኔም ተቀመጥኩ፤ ደንጊያው ይቀዘቅዛል።

"መጣች" አለችኝ።

"ማግኒዥየሟ?"

"እሷ። ዳር ላይ ውሃ ነበረባት፤ አየኋት። ወዲያው ነው ያየኋት።" ንፍጧን ጠረገች። "መልሱን አውቄዋለሁ። ልነካው ስል አራቱንም ምርጫ አነበብኩ። ማግኒዥየሟ አንዱም ውስጥ የለችም። እንደማትኖር አውቃለሁ እኮ፣ አንቺው ነሽ ያስተማርሽኝ። ግን አራቱም ውስጥ ስፈልግ…"

አልጨረሰችውም። ፈታኙ መጥቶ "ኮምፒውተሩ እምቢ አለሽ?" ብሎ እንደጠየቃት፣ "አዎ" ብላው ሌላ ኮምፒውተር ላይ እንዳስቀመጣት ነገረችኝ። ልትስቅ ሞከረች፤ አልወጣላትም። ከዚያ እንደገና አለቀሰች፣ በለቅሶው ቤት ያልወጣላትን በሙሉ፣ ፈተናውን የጨረሱት ተማሪዎች በአጠገባችን እየወጡ። እኔ ሰው ፊት ሰው አቅፌ አላውቅም። ነጠላዬን ከላይዋ ላይ አደረግሁና ትከሻዋን ያዝኩ።

"የማልፍ ይመስለኛል" አለች በመጨረሻ። "ይኼኔ ነበር የምደውልለት።"

ስልኳ በኪሴ ውስጥ ነበር። ትንሽ ቆይቼ ነው የሰጠኋት።

ስንመለስ የተሳፈርንበት ሚኒባስ ሌላ ነው፤ ከኋላ መስኮት ዳር ደረሰን። ዝናቡ ስለበረታ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ፣ በሰው ትንፋሽ መስታወቱ ደፍኗል። ጓደኛዬ በጣቷ ባለ ስድስት ማዕዘን የካርቦን ቀለበት ሣለችበት፤ ምንም ያልተቀጠለበት፣ ባዶውን። የፈተናው መልሷ እሱ ነው። ትክክል ነበር፤ ውሃ ከበላው በኋላ የሚቀረው ያ ነው። ከዚያ ራሷን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች።

አዲስ ቅዳምን ስናልፍ እጄን በእሷ ላይ አሳልፌ ከባለ ስድስት ማዕዘኑ ቀጥሎ የመደመር ምልክት አደረግሁ። ከምልክቱ ቀጥዬ የማግኒዥየምን ሁለት ፊደሎች ጻፍኩ፣ ጨው ሆኖ ሲቀር የሚጻፈውን ሁሉ አሟልቼ።

"እናንተ ከኋላ፣ መስታወቱን አታጨማልቁት" አለ ረዳቱ።

"እሺ" አልኩት። አላጠፋሁትም።